ከአኮፋዳው ቀድሞ

ወዳጄ፣ የጋይንቷን ቤተ ልሔም ታውቃታለህ፤ የድጓ መምህራን የሚመሰክሩባት። እዚያ ተማሪው ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ የሚለምንበትን አኮፋዳ አንግቶ ይማራል። እስቲ አንዱ ስኳር ያለበት ነው እንበል። ኢንሱሊን ከተወጋ ምግብ መዘግየት የለበትም፤ ቁራሹ ግን ያለው በሰው ደጅ ነው። እናም ጓደኛው ቀድሞ ይወጣል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ያገኘውን ሳይቀምስ ይዞለት ይሮጣል። ማቀዝቀዣ የለም፤ ብልቃጡ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ገንቦ ውስጥ ይቀመጣል፣ አሸዋውን ጓደኞቹ በየተራ ያረጥባሉ። በጾም የኔታ ራሳቸው «ብላ ልጄ፣ ለታመመ ተፈቅዷል» ይሉታል። ሌሊት ላብ ቢያጠምቀው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ አጠገቡ የተኛው ልጅ ነቅቶ ስኳር በጥብጦ ያጠጣዋል። ምን ያለ ልጅ ነው! ስኳሩንስ ከየት አመጣው? አንዲት የመንደሩ እናት «ለዚያ ለታመመው» ብለው በጨርቅ ቋጥረው የሰጡት ነው።