ስንቅና ዝምታ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ያገሬ ሰው። ሁለት ቃል ናት፤ ሕዝባችን ስለ ትምህርት ያለው አስተያየት ግን ሁሉ ተጠቃልሎ ገብቶባታል። ፊደል የቆጠረ ሰው ቢፈርድ አመዛዝኖ ነው፣ ቢቀጣም ወግ ባለው መንገድ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አመኔታ ባለጠጋም ባለሥልጣንም ሲያገኝ አላየሁም። አመኔታው ግን አንድ ጠንቅ አለው፤ ሰው እንዲህ አድርጎ ያከበረውን ነገር አይጠይቅም።

ይህ ሐሳብ የመጣብኝ ተማሪዎችና ወላጆች ስለ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምን ይላሉ የሚለውን ነገር ለብዙ ዓመታት ሳደምጥ ቆይቼ ነው። ያደመጥኩትም በተወለድኩበት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው። ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ ተሻግሮ፣ አቀስታን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው መካነ ሰላም ይደርሳል፤ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ መሬቱ እየተሰበረ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። እዚህ ላይ የማወራለትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም፤ የምናገረው ነገር በደጋው ካሉት ከተሞች በአንዷ ብቻ የሚገኝ አይደለምና።

በዚህ አገር የገጠር ልጅ አንደኛ ደረጃን በቀበሌው ይማራል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ከቤቱ መውጣት አለበት። ሦስት አራት ሆነው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደየቤታቸው ይበተናሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ስንቅ በተሸከሙ ልጆች ይሞላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሽሮና በርበሬ፣ ለሳምንት እንዲበቃ ተደርጎ የተጋገረ ዳቦ፤ ማገዶ ለሚቸግረው ኩበትም አለበት። ሦስትና አራት ሰዓት የሚጓዙ አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ የእኛ አገር ወላጅ ስለ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ከፈለግህ አፉን አትጠይቀው፤ «ደግ ነው፣ ምን ይወጣለታል» ብሎ ያሰናብትሃል። ያንን ቋጠሮ ፍታው። የበሶው ገብስ የተፈጨው ቤት ውስጥ ታናናሾቹ ከሚበሉት ተቀንሶ ነው። የክፍሉ ኪራይ የሚከፈለው በግ ተሸጦ ነው። ልጁ ከተማ ሲውል ከብቱን የሚያግድ፣ ውኃውን የሚቀዳ፣ በአጨዳ ጊዜ ማጭድ የሚይዝ አንድ ሰው ጎድሏል። ይህን ሁሉ በየሳምንቱ የሚከፍል ሰው ትምህርት ቤቱን ምን ያህል እንዳመነው በአፉ መናገር አያስፈልገውም።

ታላቅ ወንድሜ ከእነዚህ ወላጆች አንዱ ነው። ገበሬ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። የበኩር ልጁ ከተማ ተከራይቶ ሁለተኛ ደረጃ በተማረባቸው ዓመታት ትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ የገባው ጥቂት ጊዜ ነው። ወላጅ የሚጠራው በሁለት ምክንያት ነበር፤ መዋጮ ሲጠየቅና ልጅ ሲያጠፋ። «ወላጅህን አምጣ» የሚለው ቃል በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሁሉ የቅጣት ስም ነው። እንግዲህ ወላጅ ወደዚያ ግቢ የሚገባው ወይ ሊከፍል ወይ ሊያፍር ከሆነ አስተያየቱን በየትኛው ቀን ይሰጣል? የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት የሚባል አለ፤ ወተመህ ይሉታል። ወንድሜን በስብሰባው ላይ ለምን እንደማይናገር ብጠይቀው፣ «ፈረስ የማያውቅ ሰው ስለ ኮርቻ ይከራከራል? እነሱ የተማሩ ናቸው» አለኝ።

የተማሪዎቹን አስተያየት የሰማሁት ደግሞ በዚያች የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። የወንድሜን ልጅ ልጠይቅ በሄድኩባቸው ምሽቶች አራቱ ልጆች በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ በሶ እየበጠበጡ ስለ መምህሮቻቸው ሲያወሩ እሰማ ነበር። ትክክለኛ ዳኞች ነበሩ። መምህራንን የሚከፍሉት በሁለት ነው፤ «ገብቶ የሚያስተምር»ና «ገብቶ የሚወጣ»። ቁጡ መሆኑን አይቆጥሩበትም፤ ማርክ መሰሰቱንም ይቅር ይላሉ። ይቅር የማይሉት ሰሌዳው ላይ ጽፎ ዘወር ሳይል የሚወጣውን ነው።

አንድ የባዮሎጂ መምህር ነበራቸው። ቤተ ሙከራው ዕቃ ስለሌለው ተቆልፎ ይውላል። መምህሩ ታዲያ ዓርብ ዕለት፣ «ከየማሳችሁ ገብስ ከነሥሩ ነቅላችሁ አምጡ» ብሏቸው፣ ሰኞ ክፍሉ በገብስ ተሞላ። ሥሩን፣ ግንዱን፣ ቅጠሉን በእጃቸው እየዳሰሱ ተማሩ። «ያን ቀን እኛ ነበርን የምናስረዳው» አለኝ አንደኛው። ዕድሜውን ሙሉ በገብስ መካከል ያደገ ልጅ የሚያውቀው ነገር ትምህርት ሆኖ ሲገኝ ያየው በዚያች ሰኞ ነው።

ቅሬታቸውም ብዙ ነበር። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይደርሳቸዋል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉን ሲፈቱ ሐሳቡ ያመልጣቸዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ መምህር ሳይገባ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስለ ሴቶቹ ደግሞ ከአጠገባቸው የተከራየች አንዲት ልጅ ነገረችኝ፤ በወር አበባቸው ሰሞን ግቢው ውስጥ ውኃ ስለማይገኝ ብዙዎቹ ከክፍል ይቀራሉ። ይህን ለማን እንደነገሩ ብጠይቃት ሣቀች።

የእኔ ትውልድ ይህን ሣቅ ያውቀዋል። እኛ በ1997 ዓ.ም. የመጣውን «ፕላዝማ» ያየን ነን። ትምህርቱ በሳተላይት እየተሰራጨ በቴሌቪዥን፣ ለጆሯችን እንግዳ በሆነ እንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ለክፍሉ መምህር የሚቀሩለት ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሴኮንዱን ይቆጥራል፤ መልስ ቢኖርም ባይኖርም ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ወላጆቻችን ግን ልጆቻቸው በቴሌቪዥን እንደሚማሩ ሲሰሙ ምስጋናቸው ወሰን አልነበረውም። እኛም ምስጋናቸውን እየሰማን ቋጠሯችንን አንሥተን እንሄድ ነበር።

አንድ ምሽት የወንድሜን ልጅ፣ መምህር ሳይገባ ስለሚያልፈው ክፍለ ጊዜ ለአባቱ ነግሮት እንደሆነ ጠየቅኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«እናቴ እሑድ ስንቁን ጀርባዬ ላይ ስታስተካክልልኝ ‹አብሽር ልጄ፣ አንድ ቀን ታርፋለህ› ትለኛለች። ይህን ለምትል ሴት ‹ዛሬ ሁለት ክፍለ ጊዜ በከንቱ ዋልን› ብዬ ልንገራት? ብነግራት በሚቀጥለው ሳምንት በምን ልቧ ትቋጥርልኛለች?»

ነገሩ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። አባቱ የተማሩትን አክብሮ ዝም ይላል። ልጁ ለእናቱ አዝኖ ዝም ይላል። ዓርብ ማታ ምድጃው ዳር «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባል መልሱ «ደኅና ነው» ነው። በሁለት ፍቅሮች መካከል እውነቱ የሚያልፍበት በር ጠፋ። መምህሩም ቢሆን በዚህ ዝምታ ተጎጂ ነው። እርሱም በዚያው ከተማ ተከራይ ነው፤ ደመወዙ ከወር እስከ ወር አይደርስለትም፤ ገብስ ያስመጣውን መምህር መልካም ሠራህ ያለው ወላጅ አልነበረም፤ ወላጅ አልሰማማ።

እንዲህ ተሸፍኖ የኖረው ነገር አንድ ቀን በቁጥር ወጣ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ሲባል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲገለጽ በመላ አገሪቱ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ከሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩባቸው ዓመታት ነበሩ።

በደጋው፣ መካነ ሰላምና ቱሉ አውሊያ ላይ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ ጊዜ የአካባቢው ወላጅ የተሰማውን ደስታ አስታውሳለሁ፤ ልጆቻችን ከእንግዲህ ሩቅ አይሄዱም ተባለ። የወንድሜ ልጅ ግን ከዩኒቨርሲቲ ዶርም ያደረው ለፈተና በገባባቸው ቀናት ብቻ ነው። ከግማሽ በታች አመጣ። ለማካካሻው ትምህርት፣ ሪሚዲያል ለሚሉትም፣ አልበቃም።

ይህን ቁጥር ሁሉም በየፊናው ተረጎመው። ወንድሜ «ልጄ ሰነፈ» አለ። ልጁ «ያስተማረን አልነበረም» አለ፤ ያለው ግን ለእኔ ነው፣ ለአባቱ አንገቱን ደፍቶ ዝም ነው ያለው። ሌላው ደግሞ ቀድሞ በኩረጃ የተሸፈነው ገመና ተገለጠ አለ። ሁሉም እውነት አለበት። በእኔ ዓይን ግን ያ 3.3 የተባለው ቁጥር ለአሥራ ሁለት ዓመት ያልተነገረ አስተያየት ነው። በየዓርቡ «ደኅና ነው» እየተባለ የተቀመጠ ሁሉ ተደምሮ በአንድ ቀን ተነበበ። ደግሞ የተነበበው ከልጁ ግንባር ላይ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ያላገኘው መጽሐፍ ስም በውጤት ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ የባሰ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ትምህርት ሲቋረጥ በእኛ አገር ልጅ ባዶ እጁን አይቀመጥም። ወንዱ ጅቡቲን አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ መግባትን ያልማል፤ ሴቷን ደግሞ ሽማግሌ ይጠይቃታል። ለወትሮው ስለ ትምህርት ቤቱ ምንም የማይሉ ወላጆች «ያ ደወል ቢደወል» ሲሉ የሰማሁት በእነዚያ ወራት ነው።

የወንድሜ ሁለተኛ ልጅ፣ ሴቷ፣ በተቋረጠና በተቀጠለ ትምህርት የስምንተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና አለፈች። ዘጠነኛ ክፍል ትግባ ወይስ ትቅር የሚል ምክር ቤት ውስጥ ተነሣ። የምክሩ ዕለት ነበርኩ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያሰላው ግን ነበረው። ለአንዱ ልጅ አራት ዓመት ስንቅ ቋጠረ፤ ልጁ ዛሬ አዲስ አበባ በቀን ሥራ ላይ ነው። መንገዱም እንደ ድሮው አያስተማምንም። ልጅቷን የጠየቀ ደኅና ቤተሰብ አለ።

«ወንድም ዓለም፣ አንተ ተምረሃል፤ ፍረድ። በጎቹን ሸጬ ያንኑ ልድገመው?» አለኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። ቆማ ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ እኔ እሄዳለሁ። ግን ዓርብ ስመጣ ‹እንዴት ነው?› ስትለኝ ደኅና ነው አልልህም። መምህር ካልገባ አልገባም እልሃለሁ። መጽሐፍ ከሌለ የለም እልሃለሁ። አንተም ሰምተህ አታስቀረኝ፤ ሂድና ጠይቅልኝ።»

እናቷ እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር፤ እጇን አቆመች። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ፣ «እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» አለ። ሊያስቀራት የፈለገ ሰው ጥያቄ አልነበረም።

«የነገርኩህን» አለችው።

ተመዘገበች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወላጆች ስለ መዋጮ ተሰበሰቡ። የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። ሰብሳቢው ተናግሮ ሲጨርስ ወንድሜ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። አክብሮቱን አልጣለም፤ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ እኔ ገበሬ ነኝ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ግን፣ «የሒሳብ መጽሐፍ ለልጄ መቼ ይደርሳታል? ባለፈው ሳምንት ያልገባው መምህርስ ታሞ ነው? ታሞ ከሆነ እንጠይቀው» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ርእሰ መምህሩ ይቆጣል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልተቆጣም። ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈና፣ «ሌላ የሚጠይቅ ወላጅ አለ?» አለ። ከኋላ በኩል ሁለት እጆች ወጡ።