ሁለት መንገድ ወደ መረግድ ከተማ

በደርግ ዘመን ለትምህርት ወይም በስደት ከአገር የወጣ ኢትዮጵያዊ የትኛውን ተረት እንደሚያውቅ ለመገመት አውሮፕላኑ የት እንዳረፈ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ሞስኮ ያረፈው ኤሊን ያውቃል፤ ዋሽንግተን ያረፈው ዶርቲን። ሁለቱም ካንሳስ ውስጥ ገበሬ ቤት ያደጉ ልጆች ናቸው። ሁለቱንም አውሎ ነፋስ ከነቤታቸው አንስቶ ማንም የማያውቀው አገር ይጥላቸዋል። አእምሮ ከሚመኝ የማሳ ማስፈራሪያ፣ ልብ ከሚመኝ የብረት ሰውና ድፍረት ከሚመኝ አንበሳ ጋር ሆነው፣ ቢጫ ጡብ የተነጠፈበትን መንገድ ይዘው፣ ታላቁ ጠንቋይ አገራቸው እንዲመልሳቸው ሊለምኑት ወደ መረግድ ከተማ ይሄዳሉ። ተረቱ አንድ ነው። የተረኩልን ግን ሁለት ኃያላን ነበሩ፤ ያ ዘመን ደግሞ ከሁለቱ ጎራ አንዱ ሳይደርሰን የማይቀርበት ዘመን ነበር።

እኔ ከሞስኮዎቹ ወገን ነኝ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ቮሮኔዥ ከተማ፣ ፖድፋክ በምንለው የመሰናዶ ዓመት፣ ሩሲያኛ የምንማረው ከቪየትናም፣ ከኩባ፣ ከአንጎላና ከአፍጋኒስታን ከመጡ ልጆች ጋር ነበር። የሩሲያ ተረት ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ሳለን ፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ አሳትሞ የሚልካቸውን መጻሕፍት በርካሽ እየገዛን አንብበናል። የፖድፋኩ መማሪያ ግን ከፋብሪካና ከኮልኾዝ ወሬ አይወጣም። መምህራችንን እንደ ደንቡ በስሟና በአባቷ ስም ነበር የምንጠራት፤ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የቀለለን ትምህርት ይሄ ነው። ብርዱ ሲጠና መማሪያውን ዘጋችና የልጇን መጽሐፍ ይዛ መምጣት ጀመረች፤ የአሌክሳንደር ቮልኮቭን «የመረግድ ከተማ ጠንቋይ»። ሱቅ ገብቶ መግዛት አይታሰብም። የሌኒን ድርሰት መደርደሪያ ሙሉ ነበር፤ ይሄ ግን «ደፊሲት» ነው። ያለው ያውሳል፣ የሌለው ተራ ይጠብቃል።

ነገር የተበላሸው አንበሳው ሲመጣ ነው። አንበሳን ዘውድ ደፍቶ ባንዲራ ላይ እያየ ላደገ ሰው፣ ፈሪ አንበሳ ማለት ስድብ ነው። ከእኛ አንዱ እጁን አውጥቶ በተሰባበረ ሩሲያኛ «በእኛ አገር እንዲህ ያለ አንበሳ የለም» ብሎ ተከራከረ። ኩባዎቹ ሳቁ። መምህራችን ግን ፈገግ ሳትል «የእናንተ አገር አንበሳ ይህን መጽሐፍ ስላላነበበ ነው» አለችው።

ቮልኮቭ ሞስኮ ውስጥ የሂሳብ መምህር ነበር። እንግሊዝኛ ለመለማመድ ብሎ አሜሪካዊው ፍራንክ ባውም በ1900 ቺካጎ ያሳተመውን መጽሐፍ ይተረጉም ጀመር፤ ሲተረጉም ግን እጁ አላረፈለትም። አጎትና አክስቷ ያሳደጓትን ዶርቲን እናትና አባት ሰጥቶ ኤሊ አላት። ውሻዋን አፍ አስፈታው። አውሎ ነፋሱም እንዲሁ የመጣ ሳይሆን ክፉ ጠንቋይ ያስነሳችው ሆነ። መጽሐፉ በ1939 ወጣ። በ1959 እንደገና ጽፎት፣ ሊዮኒድ ቭላዲሚርስኪ ሥዕል ሠርቶለት ሲታተም ገነነ። ልጆች «ከዚያስ?» እያሉ በደብዳቤ ሲጨቀጭቁት አምስት መጽሐፍ ጨመረ። በ1970ዎቹ ደግሞ የአሻንጉሊት ፊልም ሆኖ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ እኛም ማደሪያችን ሳሎን ውስጥ፣ ስናየው ማን እንደሚታዘበን እየተገላመጥን፣ አይተነዋል። የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ያውም ለአብዮት የተላከ፣ አሻንጉሊት ሲያይ መገኘቱ ለግምገማ የሚያበቃ ነገር ነበር።

ከዚያ መጽሐፍ ዛሬም የማልረሳው መነጽሩን ነው። ወደ መረግድ ከተማ የሚገባ ሰው ሁሉ በሩ ላይ አረንጓዴ መነጽር ይደረግለታል፤ መነጽሩም ከኋላ በቁልፍ ይቆለፋል። ምክንያቱ የከተማዋ ብርሃን ዓይን እንዳይጎዳ ነው ይባላል። እውነቱ ግን ከተማዋ ይህን ያህል አረንጓዴ አለመሆኗ ነው፤ ሰው መረግድ የሚያየው በመነጽሩ ነው። ታላቁ ጠንቋይም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ድምፁን የሚያጎላ፣ በፊኛ እየበረረ የመጣ ተራ ሰው ሆኖ ይገኛል። ይህን ባውም ጽፎታል፤ ቮልኮቭም አላወጣውም። መሪዎች ፎቶግራፋቸው በየግድግዳው በተሰቀለበት አገር፣ ሳንሱር ባለበት አገር፣ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ አለፈ። መምህራችን እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ የቃላቱን ትርጉም ብቻ ነገረችን። እኛም ከሌላ መነጽር የመጣን ስለነበርን ማብራሪያ አልጠየቅንም።

1991 ደርግንም ሶቭየት ኅብረትንም ይዟቸው ሄደ። ከእኛ የተመለሰው ተመለሰ፣ የቀረው በየአገሩ ተበተነ፤ እኔም ዞሬ ዞሬ ዋሽንግተን ገባሁ። እዚያ በሱዳን አድርጎ ቀድሞኝ የመጣ የአክስቴ ልጅ አለ። አንድ ቀን ስለ ኤሊ ሳወራው አቋረጠኝ።

«ዶርቲን ነው የምትለኝ?»

«ኤሊ ናት እንጂ።»

«ምን ነካህ! የጁዲ ጋርላንድ ፊልም እኮ ነው!»

እሱ የሚያውቀው ኤምጂኤም የሠራውን ፊልም ነው። የሚገርመው፣ ያም የወጣው በ1939 ነው፤ ቮልኮቭ ሞስኮ ላይ መጽሐፉን ባሳተመበት ዓመት። ፊልሙ መጀመሪያ ሲወጣ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ያነገሠው ቴሌቪዥን ነው። በ1956 ሲቢኤስ ሲያስተላልፈው 45 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው፤ ከ1959 ጀምሮ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት፣ እንደ ዓመት በዓል፣ በዓመት አንዴ ይመጣ ነበር። ያመለጠው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። የአክስቴ ልጅ ተከራይቶ ይኖርበት በነበረው ቤት የአከራዮቹ ልጆች ያን ምሽት ቀደም ብለው እራት በልተው፣ ፒጃማ ለብሰው ይሰለፉ እንደነበር ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የገባው በዓል ይሄ ነው፤ ታንክስጊቪንግን እንኳ በኋላ ነው የለመደው። የቪዲዮ ካሴት ሲመጣ ግን ፊልሙ በማንኛውም ቀን የሚታይ ሆነና ቀስ በቀስ መጠበቁ ቀረ።

ባውም ራሱ ከመጽሐፉ ጋር ብዙ ተንከራቷል። በ1902 ቺካጎ ላይ ወደ ሙዚቃዊ ቲያትር ሲቀየር የዶርቲ ውሻ ቀርቶ በቦታው ላም ገባች፤ ላሟም ተወደደች። ቀጥሎ በ1908 ፊልምና የፋኖስ ሥዕል እያሳየ ራሱ የሚተርክበትን ዝግጅት ይዞ ዞረ፤ ዕዳው ለኪሳራ ዳረገው። በ1914 ሎስ አንጀለስ ላይ የፊልም ኩባንያ አቋቋመ፤ ያም ብዙ አልቆየም። በ1919 ሲሞት ትልቁን ፊልም አላየም።

ከዚህ ሁሉ የአክስቴ ልጅ የሚኮራበት ግን «ዘ ዊዝ» ነው። በ1975 ብሮድዌይ ላይ በጥቁር ተዋንያን ቀርቦ ሰባት የቶኒ ሽልማት ወሰደ። በ1978 ፊልም ሲሆን ዶርቲን ዳያና ሮስ፣ ማስፈራሪያውን ማይክል ጃክሰን ተጫወቱ፤ የመረግድ ከተማም ኒው ዮርክ ሆነች። ፊልሙ ከሰረ። ነገር ግን ማይክል ጃክሰንና ኩዊንሲ ጆንስ አብረው መሥራት የጀመሩት እዚያ ነው፤ ከዚያ «ትሪለር» መጣ። ካሴቱ በየሙዚቃ ቤቱ ሲገለበጥ የነበረበት የአዲስ አበባ ወጣት ሁሉ፣ ሳያውቀው ከዚህ ተረት ድርሻ አለው። ከዚያ ወዲህ የመጡትን፣ «ዊኪድ»ንም ጨምሮ፣ ለልጆቻችን ትቼዋለሁ። ዘፈኑን በቃላቸው ይዘውታል።

ከአክስቴ ልጅ ጋር የማንስማማበት አንድ ነገር ቀርቷል። ፊልሙ ያምራል፤ አይካድም። ካንሳስ ቡናማ ሆኖ ቆይቶ ዶርቲ በሩን ስትከፍት ቀለም የሚፈስበት ቦታ፣ ዛሬም ሳየው ይይዘኛል። በመጽሐፉ የብር የነበረውን ጫማ ለቀለሙ ሲሉ ቀይ ዕንቁ አደረጉት፤ ይሁን። ነገር ግን መጨረሻ ላይ ዶርቲን አልጋዋ ላይ ያነቋታል፤ ጭንቅላቷን ተመትታ ነው፣ ሕልም ነው ይሏታል። ባውም እንዲህ አላደረገም። በእሱ መጽሐፍ ዶርቲ ስትመለስ አጎቷ አዲስ ቤት ሠርቶ ታገኘዋለች፤ አሮጌውን በእርግጥ ነፋስ ወስዶታልና። ቮልኮቭም፣ ተአምር አላምንም በሚል መንግሥት ሥር ቁጭ ብሎ የጻፈው ሰው፣ ይህን አልነካም። ኤሊ እውነት ሄዳ፣ እውነት ተመልሳለች። የአክስቴ ልጅ «ታዲያ ሕልም ቢሆን ምን አለበት?» ይለኛል። አለበት። ያን ያህል መንገድ በእግሯ ለሄደች ልጅ ሕልም ነው ማለት ግፍ ነው፤ በዚህ በኩል የሞስኮው የሂሳብ መምህር ሆሊውድን ያስከነዳዋል።