ከዳተኛው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን፥ እኛ ሁለት ወንድማማቾች ከታናሽ እኅታችን ጋራ ሆነን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የሚባለውን ረጅም የቴሌቪዥን ትርዒት በፍላሽ አስጭነን ማታ ማታ እንመለከት ነበር። ትርጓሜው የዙፋኖች ጨዋታ ማለት ነው። ጆርጅ ማርቲን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ማውጣት ከጀመራቸው መጻሕፍት ተወስዶ፥ ኤች ቢ ኦ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በስምንት ምዕራፍና በ73 ክፍል ያሳየው ነው። ዘንዶና የሙታን ሠራዊት የሞላበት የምናብ ታሪክ ስለ ሆነ፥ ለጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ለቁም ነገር አልተቀመጥንበትም። ዳሩ ግን ከዘንዶዎቹ ሁሉ ይልቅ ቤታችንን ያወከው የሁለት ሰዎች የፍቅር ነገር ሆነ።

ታሪኩን ላላዩት አንባብያን ጥቂት እንናገር። ጆን ስኖው ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰሜን የበረዶ ግንብ ከሚጠብቁት የሌሊት ዘበኞች አንዱ ነው። ዘበኞቹ ሚስት ላያገቡ፥ ልጅ ላይወልዱ፥ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከጥበቃው ላይለዩ ይምላሉ። ጆን ቆሪን በተባለው የበላዩ ትእዛዝ፥ የከዳ መስሎ ከግንቡ ማዶ ወዳሉት፥ «ነጻ ሕዝብ ነን» ወደሚሉት ሰዎች ይገባል፤ እንዲታመንም ያንኑ ቆሪንን በገዛ ፈቃዱ በሰይፍ ይገድለዋል። በእነዚያም ሰዎች መካከል፥ ቀድሞ ሊገድላት ሲገባው የማራት ኢግሪት የምትባል ቀስተኛ ነበረች። ወደዳት፤ ወደደችውም። መውደዱ ማስመሰል እንዳልነበረ ሦስታችንም ተስማምተናል።

ያልተስማማነው በመሸሹ ላይ ነው። ግንቡን ወጥተው ወደ ደቡብ ከተሻገሩ በኋላ፥ ጓደኞቹ ታማኝነቱን ሊፈትኑ አንድ ፈረስ አርቢ ሽማግሌ እንዲገድል አዘዙት። እጁ እምቢ አለው። ኢግሪትም ቀስቷን ገትራ ሽማግሌውን በእርሱ ፈንታ ገደለችው። ወዲያው ጠብ ሆነ፤ ጆን ሰው ገድሎ፥ እርሷንም ጥሎ በፈረስ አመለጠ። ኋላ በውኃ ዳር ስታገኘው፥ እያለቀሰች ሦስት ፍላጻ ሰደደችበት፤ ሦስቱም ነኩት፥ አንዱም አልገደለውም። በሩቅ የሚሮጥ ጥንቸል ዐይን የማትስት ቀስተኛ ይህን ጎበዝ ሳትገድለው የቀረችው ለምን እንደ ሆነ፥ የገዛ ጓደኞቿም ያወቁባት ይመስለናል።

በአራተኛው ምዕራፍ፥ በግንቡ ጦርነት ጊዜ፥ ኢግሪት ቀስቷን እንደ ገተረች ከጆን ጋራ ፊት ለፊት ተገናኘች። ፍላጻውን ለመልቀቅ ስታመነታ፥ ኦሊ የተባለ ልጅ ከኋላዋ ወጋትና በጆን ክንድ ላይ ሞተች። ይህ ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ትርዒቱን የጻፉት ሰዎች የፈጠሩት ነው። መፍጠራቸውንም እናመሰግናለን፤ አባቱን የገደለችው ኢግሪት ነበረችና።

ይህን አይተን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። እናታችን ሻማ አበራችልን፥ እኅታችንም ቡና አቀረበች፤ ክርክሩም በዚያው ተነሣ።

እኛ ወንድማማቾቹ «ጆን አልከዳም» አልን። ሁለታችንም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለ ሆንን፥ ትእዛዝ ማለት ምን እንደ ሆነ እናውቃለን ብለን እናስባለን። የፊተኛው መሐላ የኋለኛውን ፍቅር ይቀድማል፤ ግንቡ ቢፈርስ የሚያልቀው ሕዝብ ከአንዲት ሴት ኀዘን ጋራ አይመዘንም፤ ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ ተናገርን። አነጋገራችን ለራሳችንም ደስ ብሎን ነበር።

እኅታችን ሲኒዋን አስቀመጠች። «ግንቡን ሳይወጡ በፊት ያለችውን ረሳችሁት?» አለችን። እውነትም ረስተነው ነበር። ኢግሪት በዚያ ጊዜ የጆን ልብ ከዘበኞቹ እንዳልወጣ እንደምታውቅ ነግራዋለች። ዐውቃ ለወገኖቿ አልተናገረችበትም፤ የለመነችውም ለዘበኞቹም ለነጻ ሕዝቡም ሳይሆን፥ ሁለቱ ለየራሳቸው እንዲታመኑ ብቻ ነው።

«እርሷም ወገን ነበራት» አለች እኅታችን። «ወገኗን ስለ እርሱ ብላ ደበቀችው።»

«ትእዛዝ ነበረበት» አልናት።

«ይኑርበት፤ ይሂድም። ሁሉን እንደምታውቅ ከነገረችው በኋላ ‹እሄዳለሁ› ለማለት ምን ከለከለው? ሸሽቶ ከሄደ በኋላ ተከትላ ስትደርስበት ነው የነገራት። እንባዋን ላለማየት ነው።»

በዚህ ቃል እኛ ወንድማማቾች ተያየን።

ከአራት ዓመት በፊት እኅታችንን ያጫት ሰው ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ሄደ። ከመሄዱ ዐሥራ አምስት ቀን አስቀድሞ ሁለታችንን ቡና ቤት ጠርቶ ነገረን፤ «እንባዋን ማየት አልችልም፤ እዚያ ደርሼ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ፤ እስከዚያ አደራ» አለን። እኛም ቃል ገባንለት። የወንድ ቃል ነው ብለን ጠበቅነው። በእነዚያ ቀናት እኅታችን የሠርግ ቀሚሷን ለማሠራት ሽሮ ሜዳ ትመላለስ ነበር። አንድ ማታም ሁለት ዐይነት ጥለት ይዛ መጥታ «የቱ ያምራል?» አለችን። አረንጓዴውን መረጥንላት።

ለጆን ጠበቃ መቆም ከፈለግን ገና የምንናገረው ነበረን። ኢግሪትም ንጹሕ አይደለችም፤ የሽማግሌውና የኦሊ አባት ደም በእጇ ነው፤ ሸሹን አስቀድሞ ነግሯት ቢሆን ኖሮ እርሷም ከወገኖቿ ጋራ በጠፋች ነበር ማለት ይቻላል። አልተናገርነውም።

እኅታችን ሻማውን አሻግራ ስታየን ቆየች።

«ጥለቱን ስትመርጡልኝ ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር» አልናት።

«ከስንት ቀን በፊት?»

ነገርናት። እናታችን «እናንተ ልጆች» ብላ ዝም አለች። እኅታችን ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በረከቦቱ ላይ ደርድራ፥ አንሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። መብራት ሲመጣም አልተመለሰችም።

የቀሩትን አራት ምዕራፎች ያየናቸው ሁለታችን ብቻ ነን። በመጨረሻው ክፍል ጆን ስኖው የሚወዳትን ንግሥት ዴኔሪስን፥ ስለ ሕዝብ ደኅንነት ብሎ፥ እየሳማት በጩቤ ይወጋታል። ለማን እንፍረድ ብለን ለመከራከር አልሞከርንም፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን፥ በእኅታችን በር አጠገብ ስናልፍ መብራቷ እንደ በራ አይተን፥ ወደ መኝታችን ሄድን።