ያልወደድነው ጩኸት

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ የሙዚቃ ባንድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ስለ እኛ ስለ ወላጆች ነው።

በሜሪላንድ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። የበኩር ልጃችን አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ስልኩ ሳያስበው ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር ተገናኘ። ጩኸት መኪናውን ሞላው። መዝሙር አይደለም፣ ዘፈንም አይመስልም፤ ሰው በእሳት መካከል ሆኖ የሚጣራ ይመስል ነበር። ቶሎ አጠፋነውና «ይህን የአጋንንት ድምፅ ነው እንዴ የምትሰማው?» አልነው። «ክርስቲያኖች እኮ ናቸው» አለ። ሳቅንበት።

ሳቃችን አልበቃ ብሎን፣ በዚያው ሳምንት በጸሎት ቡድናችን ፊት ስሙን ጠርተን «ከዚህ መንፈስ እንዲላቀቅ ጸልዩልን» አልን። እርሱ ከጎናችን ተቀምጦ ነበር። እጅ ጭነው ሲጸልዩለት ዓይኑን አልጨፈነም፤ ወለሉን ያይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወጣቶች ኅብረት ጊታር መጫወቱን ተወ። ቤት ውስጥም ከ«እሺ» እና ከ«ደኅና ነኝ» በቀር ቃል አላገኘንበትም።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ሌሊት ስለ እርሱ ተንበርክከን ሳለ፣ ስለ ልጁ ለእግዚአብሔርም ለሰውም ስንናገር እንደ ከረምን፣ ልጁን ራሱን ግን አንዴም እንዳልጠየቅነው ልባችን ወቀሰን። በማግስቱ ሻይ አፍልተን «ስለዚያ ባንድ እስቲ ንገረን» አልነው። መጀመሪያ አላመነንም። በኋላ ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራን።

የባንዱ ስም አንደርኦዝ ነው፤ «በመሐላ ሥር» እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ1997 በፍሎሪዳ፣ ኦካላ በምትባል ከተማ ዳላስ ቴይለርና ሉክ ሞርተን የተባሉ ወጣቶች ጀመሩት። ብዙም ሳይቆይ አሮን ጊለስፒ በከበሮ ተቀላቀላቸው። ገና የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። በ1999 አላባማ ያለ ቴክሆልድ የተባለ ትንሽ ነጻ አሳታሚ የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጣላቸው። በዓመቱ ያወጡት ሁለተኛው አልበም አምስት ዘፈን ብቻ ይዞ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ረጅምና ከባድ ሙዚቃ በሬዲዮ እንደማይሰማ ማንም ያውቃል። ገበያ ፈልገው አልነበረም።

በ2002 ሦስተኛው አልበም ተከተለ። በ2003 ግን ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ድምፃዊ ዳላስ ቴይለር ባንዱን ለቀቀ። ብዙዎች አበቃላቸው ባሉበት ሰዓት ስፔንሰር ቻምበርሌን በቦታው ገባ። በ2004 የወጣው አልበም ከዚያ በፊት ያላዩትን ሕዝብ አመጣላቸው። በ2006 የወጣው «ዲፋይን ዘ ግሬት ላይን» ደግሞ በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆኖ ገባ።

«ለምንድን ነው የሚጮኹት?» አልነው። ልጃችን ስልኩን አውጥቶ አንድ ዘፈን ከፈተልን። «ሁለት ድምፅ አለ» አለን። «አንዱ ይጮኻል። ከበሮ የሚመታው ደግሞ እየመታ በዜማ ይመልስለታል። እኔ የምወደው ያንን መልስ ነው።» ቀጥሎ በትሕትና፣ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ደግሞ እናንተስ አዳር ጸሎት ላይ ትጮኹ የለ?» አለን። እውነቱን ነው። በጸሎታችን ጩኸት እንቅልፍ ያጣ ጎረቤት ስንት ጊዜ በራችንን አንኳኳ! የእኛን ጩኸት መንፈሳዊ፣ የእርሱን ጩኸት ሰይጣናዊ ያደረግነው ሁለቱንም መርምረን አልነበረም።

በዚያ ሌሊት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው የበርጤሜዎስ ታሪክ ሌላ ሆኖ ታየን። ዕውሩ በመንገድ ዳር ሲጮኽ ዝም በል ብለው የገሠጹት ከኢየሱስ ጋር ይሄዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጌታ ግን ቆመ፤ አስጠራው፤ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። እኛ ከሕዝቡ ጋር ነበርን። ጥያቄውን የጠየቀው ጌታ ብቻ ነው።

ወገኖች፣ ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ልጃችን ግን የቀረውንም አልደበቀንም። ቻምበርሌን በእነዚያ የዝና ዓመታት ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ይታገል እንደነበር በኋላ በራሱ አንደበት ተናግሯል። በ2018 ደግሞ ባንዱ ከእንግዲህ የክርስቲያን ባንድ እንዳልሆነ በይፋ አሳወቁ። ልጃችን ይህን ሲነግረን ድምፁ ተለወጠ። «መድረክ ላይ ስለ ጌታ ሲናገሩ ሁሉም ያጨበጭብላቸው ነበር። ከመድረክ ሲወርዱስ ማን ጠየቃቸው?» አለን።

በእነዚያ ሰዎች ልብ የሆነውን መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ልባቸውን የሚያውቅ አለ። ጥያቄው ግን ወደ ቤታችን ተመለሰ። ልጃችን በመድረክ ጊታር ይዞ ሲቆም ስንኮራበት፣ ከመድረክ ሲወርድ ምን እንደሚከብደው ጠይቀነው አናውቅም ነበር። ያን ቀን ጠየቅነው። ከሚወደው የትምህርት ቤት ጓደኛው ሞት በኋላ መጸለይ እንዳቃተው፣ ያ ጩኸት ስለ እርሱ የሚጸልይለት ይመስለው እንደነበር ነገረን። ጓደኛው መሞቱን እናውቅ ነበር። ለቅሶ ደርሰን፣ በዚያው ረስተነው ነበር።

ይቅርታ ጠየቅነው። ባዋረድነው ቦታ መጠየቅ ስላለብን፣ በዚያው የጸሎት ቡድን ፊትም ደግመን ጠየቅነው። ሁሉም ሰው አልተደሰተም፤ አንድ አባት ልጅን እንዲህ ማሞላቀቅ አያስፈልግም ብለውናል። ልጃችን ወደ ወጣቶች ኅብረት ገና አልተመለሰም። ግን አሁን ማታ ማታ በራችንን ያንኳኳል፤ አንዳንዴም አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለእኛ ይሰጠናል። ሙዚቃውን ዛሬም አልወደድነውም። እርሱን መስማት ግን ጀምረናል።

የምትሰሙትን ሁሉ ሳትመረምሩ ተቀበሉ አንላችሁም፤ ቃሉ መርምሩ ይለናል። ከመመርመር በፊት ግን መጠየቅ አለ። መዝሙር 88ን ዛሬ ማታ አንብቡት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፤ የሚዘጋውም በጨለማ ነው። እንዲያም ሆኖ እግዚአብሔር ከመጽሐፉ አላወጣውም።

ጌታ ሆይ፣ የልጆቻችንን ጩኸት ዝም ያሰኘንባቸውን ቀኖች ይቅር በለን። አንተ እንደ ቆምህ መቆምን፣ አንተ እንደ ጠየቅህ መጠየቅን አስተምረን። አሜን።