የቅዳሜ ማታ መልእክት

እኛ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች ነን። ሁለታችንም የተወለድነው እዚህ እስራኤል ነው። አማርኛ እንሰማለን፤ ስናነብ ግን እንንተባተባለን። ስለ ቅርሳችን ጻፉ ስንባል፣ በአያታችን ስልክ ስለሚመጣው መልእክት ለመጻፍ ተስማማን።

አያታችን ጎንደር አካባቢ ባለች መንደር ሸክላ ትሠራ ነበር። በ1991 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በሰሎሞን ዘመቻ መጣች። የክርስቲያን ጎረቤቷ ልጅ ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ናት። በ2022 በስልክ ተገናኙ። አያታችን ፊደል ስላልቆጠረች በዋትሳፕ ድምፅ ትልካለች። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ሴትዮዋ የምትልከው ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ነው። አያታችን ደግሞ በሰንበት ስልክ አትነካም። ሰንበት ሲወጣ ሁለት ጓደኞቿ ይመጡና አብረን እንሰማለን።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣ «እማማ፣ ወንበር ሰጡኝ እንጂ ጆሮ አልሰጡኝም» የሚል መልእክት መጣ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን የባሏ ወንድሞች ሊወስዱባት ነው። በመሬት ደብተሩ ላይ ግን ስሟና ፎቶግራፏ ከባሏ ጎን አለ። ጎረቤታችን ይህን በስብሰባ ልትናገር ስትል አቋረጧት።

እኛ ኢንተርኔት ላይ ፈለግን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት ላይ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2005 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ይህን እየተንተባተብን በድምፅ ቀዳንና «በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሺና አንብቢላቸው» ብለን ጨመርንበት።

አያታችን ተቆጣች። «ታላቃችሁን አንቺ ትላላችሁ?» አለች። በዕብራይስጥ እርስዎ የሚባል ነገር ስለሌለ እኛ አላሰብንበትም። ቀጥላም «ሰው ፊት ያዋረዱት ሽማግሌ እሺ አይልም። መጀመሪያ ቡና ይፈላ» አለች። ስልኩን ወስዳ «ልጄ፣ የሽማግሌዎቹን ሚስቶች ቡና ጥሪ። ደብተሩን አሳያቸው። ነገ የእነሱም ተራ ሊሆን ይችላል» ብላ ላከች። ጓደኞቿም ተራ በተራ ምክር ጨመሩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ቡና የጠጡት ሴቶች ስብሰባው ላይ መጥተው ከኋላዋ ተቀምጠዋል። ነገሩ ያን ቀን አላለቀም፤ ግን ተናግራ እስክትጨርስ ሰምተዋታል።

በ2023 በኦገስት በአማራ ክልል ጦርነት ሆነ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። አያታችን ግን ሰንበት በወጣ ቁጥር ስልኩን ታይ ነበር። በኦክቶበር እዚህም ጦርነት መጣ።

ኢንተርኔቱ በ2024 ሲመለስ ጎረቤታችን መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እኛ ነበር፦ «እዚያም ጦርነት አለ አሉ፤ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ከዚያ በኋላ ነው ያቺ ሴት መሬቷን አርሳ ጤፍ መዝራቷን የነገረችን።

እኛ የረዳናት እኛ እየመሰለን ነበር። ሕጉን ያገኘነው እውነት ነው። መንገዱን ያወቁት ግን ፊደል ያልቆጠሩት ሴቶች ናቸው። አሁንም ቅዳሜ ማታ አብረናቸው እንቀመጣለን፤ እርስዎ ማለትም እየተማርን ነው።