በመስተዋት የታሰረ መብረቅ

ደሴ ስሟን ከሰማይ ብርሃን አገኘች ይባላል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሥፍራ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ ቢያዩ፣ በመገረም ቦታውን «ደሴ»፣ ማለትም «ደስታዬ» ሲሉ ሰየሙት የሚለውን ትውፊት ያልሰማ የወሎ ልጅ ጥቂት ነው። ያ ታላቅ ኮከብ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየው በመስከረም 1875 ዓ.ም. ነበር። ብዙ የማይነገረው የታሪኩ ሌላ ገጽ ነው። በዚያው ሰሞን በደቡብ አፍሪካ በኬፕ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ጊል፣ በአንድ የአካባቢው ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራ ተረድቶ ይህንኑ ኮከብ ፎቶግራፍ አነሣው። ከኮከቡ ጀርባ ሌሎች በርካታ ከዋክብት በሥዕሉ ላይ ተቀርጸው ስላገኘ፣ የደቡቡን ሰማይ ካርታ በፎቶግራፍ የማዘጋጀት ሥራ ከዚያ ተነሣ።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። የጅራታም ኮከብ አንደኛው ጅራት አቧራ ሲሆን፣ ሁለተኛው በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኖቹን የተነጠቀ ጋዝ ነው። እንዲህ ያለውን ጋዝ የሳይንስ ሰዎች ፕላዝማ ይሉታል፤ ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ አራተኛው የቁስ ሁኔታ መሆኑ ነው። ፀሐይ ፕላዝማ ናት፤ በክረምት በጦሳ ራስ ላይ የሚፈነዳው መብረቅም እንዲሁ። የሰው ልጅ ያንን መብረቅ አሳንሶ፣ በመስተዋት ቱቦ አስሮ፣ ከጣሪያው ላይ አንጠለጠለው። ስለዚህ እስረኛ መብረቅ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የሕዝባችንን ፊት በፎቶግራፍና በቪዲዮ የሚቀርጸው ባለሙያ ስለ ካሜራው ሲጨነቅ፣ ስለ መብራቱ ግን እምብዛም ሳይጠይቅ ስለማይ ነው።

መማሪያ ክፍሉንና አዳራሹን ለረጅም ዘመን ሲያበራልን የኖረው ነጭ ቱቦ በተለምዶ «ኒዮን» ይባላል። ስሙ የተውሶ ነው። እውነተኛው ኒዮን ፈረንሳዊው ጆርጅ ክሎድ እ.ኤ.አ. በ1910 በፓሪስ ለሕዝብ ያሳየው፣ ቀይ ብርቱካናማ ሆኖ የሚበራው ነው። በእኛ ቱቦ ውስጥ ያለው ግን የባዜቃ ተን ነው። ኤሌክትሪኩ በተኑ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ባዜቃውን ይመቱታል፤ ባዜቃውም ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይተፋል፤ በመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ነጭ ዱቄት ያንን ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። አጠገቡ የሚያጓራው ባላስት ልጓሙ ነው። ፕላዝማ አንዴ ከተለኮሰ ባገኘው መጠን እየጨመረ የሚስብ ስግብግብ በመሆኑ፣ የሚገታው ከሌለ ራሱን ያጠፋል።

የእኔ ነገር ያለው ከዱቄቱ ላይ ነው። የፀሐይ ብርሃን ከቀይ እስከ ሐምራዊ ሳይቋረጥ የሚፈስ ነው። የቱቦው ብርሃን እዚህ ይጎላል፣ እዚያ ይጎድላል፤ በተለይ በርካሹ ቱቦ አረንጓዴው በርትቶ ቀዩ ይሳሳል። ዓይናችን ቻይ ስለ ሆነ ጉድለቱን አያስተውልም፤ ካሜራ ግን ያየውን ይመሰክራል። እኛ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጠቆር ያለ፣ የብርሌ ጠጅ የመሰለ እያልን የምንለያቸው የፊት ቀለማት ሁሉ ውበታቸው የተመሠረተው በቀዩ ላይ ነው። ቀዩ ሲነሣባቸው ሁሉም አመድ የነካው፣ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ አንድ ፊት ይሆናሉ። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበር ይህ ነውር ተሸፍኖ ኖሯል፤ በ1977 ዓ.ም. ቀለም ሲመጣ የመብራቱም ጠባይ አብሮ ተገለጠ። የዚያን ዘመን የቀለም የሠርግ አልበሞች ስገላልጥ፣ በመስክ የተነሡት ሚዜዎች ሲያበሩ፣ በአዳራሽ ቱቦ ሥር የተነሡት እነዚያው ሰዎች ከሕመም የተነሡ መስለው አገኛቸዋለሁ። ይህ የባለሙያው የእጅ ድክመት ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ብርሃኑ ያልያዘውን ቀለም ማንም ሊቀርጸው አይችልም።

የቪዲዮ ሰዎች ነጩን ነገር ለካሜራው አሳይተው ቀለሙን ያስተካክላሉ። በወሎ ሠርግ ላይ ነጭ መፈለግ አያስቸግርም፤ የእናቶች ነጠላ ሞልቷል። እዚህ ላይ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጠላ በአልትራቫዮሌት ጨረር ራሱ ወደ ሰማያዊ የሚያበራ ቅመም ስለሚይዝ፣ ካሜራውን ሊያሳስተው ይችላል። ደግሞም የካሜራው የብርሃን መለኪያ በነጠላው ንጣት ተታልሎ ብርሃኑን ሲቀንስ፣ የእናትዮዋ ፊት በጥላ ይዋጣል። ልኬቱ ከፊት ላይ ይወሰድ፤ ነጠላው ቢነጣ ግድ የለም።

ከእስረኞቹ መብረቆች ሁሉ ለፊታችን ታማኝ ሆኖ ያገኘሁት የፍላሹ ነው። በፍላሽ ቱቦ ውስጥ ያለው ጋዝ ዜኖን ይባላል፤ ቃሉ በግሪክኛ «እንግዳ» ማለት ነው። ኃይሉ በካፓሲተር ይጠራቀምና በአንድ ሺኛ ሰኮንድ ግድም ይለቀቃል። ብርሃኑ ለቀን ብርሃን የቀረበ ስለ ሆነ ቀዩን አይሰርቅም። አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ዓይነት ብልጭታ የወተት ጠብታን ሲፈነጠቅ አስቁሞ አሳይቷል፤ እኛ ደግሞ የእስክስታን ትከሻ እናስቆምበታለን። ከፊት ለፊት ሲተኮስ ግን ፊትን እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ወደ ነጭ ጣሪያ መልሶ ማንጠር ይሻላል።

በሀረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ ፊልም ለሚያነሣ ሰው ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰኮንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ፣ አሮጌ ባላስት የያዘ ቱቦ በሰኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። የካሜራው መዝጊያ በ50ኛ ወይም በ100ኛ ሰኮንድ ካልተስተካከለ፣ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሰንበር ይንከባለላል። የሚገርመው ካሜራው ብቻ አይደለም የሚታለለው። ፍጥነቱ ከብልጭታው ጋር የገጠመ ማሽን ለሠራተኛውም የቆመ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ በሚሽከረከር ብረት አጠገብ ይህ የእጅ ጉዳይ ነው። አጎራባች ቱቦዎችን በሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ማከፋፈል የቆየ መፍትሔው ነው።

ከሁሉ የከፋው የመንገዱ ቢጫ የሶዲየም መብራት ነው። ለቀለም ባዶ ነው። በተለይ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ዓይነት አንድ ቢጫ ብቻ ስለሚያፈልቅ፣ ከሥሩ የቆመች ልጅ ቀይ ሻሽም ሆነ አረንጓዴ ቀሚስ ግራጫ ነው፤ የሌለውን ቀለም የሚመልስ ማጣሪያ የለም።

ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1891 በኒው ዮርክ ሽቦ ያልገባበት ቱቦ በእጁ ይዞ ያበራ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ በሬድዮ ሞገድ የሚበራ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ የኳርትዝ አምፖል ሆኖ የፊልም ሥራ ውስጥ ገባ፤ የማይርገበገብና ቀለሙ ሙሉ ቢሆንም ኤል ኢ ዲ ፈጥኖ ቀደመው። ኤል ኢ ዲ ፕላዝማ አይደለም፤ ርካሹ ግን ያንኑ የቀይ ጉድለትና ያንኑ መርገብገብ ወርሷል። ሠርግ ለመቅረጽ የተጠራ ሰው ቀድሞ አዳራሹ ገብቶ የስልኩን ካሜራ ወደ መብራቱ ቢያዞር፣ የሚንከባለለውን ሰንበር እዚያው ያየዋል።