ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት አይደለም



ዛሬ ስለ መኪና ላወራ ነው። «ቲቸር ደግሞ መኪና የት አለውና!» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የለኝም። መካኒክም አይደለሁም፤ ባለ ዲፕሎማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ግን ጥያቄው የመጣው ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ መልሱም ስለ ግፊት ሰሌዳ ላይ በጻፍነው ውስጥ አለ።

ልጁ አሮጌ ላንድክሩዘር አለችው። ከስማዳና ከታች ጋይንት ሰው እየጫነ ንፋስ መውጫ ይመላለሳል፤ አንዳንዴም ደብረ ታቦር ይዘልቃል። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ከተገኘች መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለች እናት ጭኖ ዳገቱ ላይ መኪናዋ እምቢ አለችው። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ አስታማሚዎቹን አስወርዶ፣ እነሱ በጭቃው በእግራቸው እየተከተሉ ነው የወጣው። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተገላገለች። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እቁቡ ሲወጣለት «ተርቦ ላስገጥም ነው» ብሎ መጣ።

አንድ ጋራዥ ደግሞ «ተርቦውን እንሰካለን፣ የፖምፓውን ቡሎን ትንሽ ከፈት እናደርጋለን፣ አለቀ» ብሎታል። «ቲቸር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

እኔም እንዲህ አልኩት። መጀመሪያ መኪናህ ለምን እንደደከመች እንወቅ። ንፋስ መውጫ ስሟ ንፋስ ነው እንጂ አየሯ ስስ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ወደ 70 ይወርዳል። ከመቶው ሰላሳ እጅ ጠፋ ማለት ነው። የአንተ ላንድክሩዘር ሞተር ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ከፋብሪካው ተርቦ የሌለው። ጅቡቲ ላይ በስድስት ሲሊንደር አየር ይሠራ የነበረ ሞተር ጋይንት ሲደርስ አራት ሲሊንደር በሚያህል አየር ነው የሚሠራው። መኪናህ አልሰነፈችም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው።

1 ኪሎ ናፍጣ በደንብ ለመቃጠል ቢያንስ 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሳይኖር ናፍጣ ብቻ ብትጨምር የተረፈው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሾፌር ጭሱን አይቶ «ጉልበት አላት!» ይላል። አይደለም። ያ ጭስ በውድ የገዛኸው፣ ሳይሠራልህ የወጣ ናፍጣ ነው። እናቶቻችን ምድጃው ሲጨስ እንጨት አይጨምሩም፤ እፍ ነው የሚሉት። አንጥረኛም ብረቱ አልግል ሲለው ወናፉን ነው የሚያናፋው። ተርቦ ማለት በቃ የሞተር ወናፍ ነው። በማርሚታ በኩል የሚባክነው ትኩስ ጭስ አንዱን ጎማ ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው ጎማ ደግሞ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል።

ይህ ነገር ከጥንትም ከተራራ ጋር የተያያዘ ነው። አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ጫፍ ላይ አወጣው። ከፍታው 4,300 ሜትር ነው፤ ከእኛው ጉና ትንሽ ቢበልጥ ነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። እንግዲህ ተርቦ ለእኛ አገር የወጣት መፎከሪያ አይደለም፤ ተራራው የወሰደብንን ማስመለሻ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ 0.3 ባር ብቻ ብትጨምር የጅቡቲን አየር መለስክ ማለት ነው። 0.5 ቢሆን ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ለምን ቶሎ «ግጠም» አላልኩትም? ሞተሩ ሲሠራ ለዚህ አልታሰበም። የመጭመቅ መጠኑ 22 ለ1 አካባቢ ነው፤ ብዙ ግፊት ብትጭንበት ቴስታታው አይችለውም። ፖምፓው ደግሞ የአየሩን ግፊት አያውቅም። ቡሎኑን ከፍተህ ከተውከው ተርቦው ገና ሳይነሳ ናፍጣው ቀድሞ ይፈስሳል፤ በዝቅተኛ ዙር ያው ጥቁር ጭስ ነው። ፖምፓው ላይ የተርቦውን ግፊት እያየ ናፍጣውን የሚመጥን ዲያፍራም ያስፈልጋል። ናፍጣው ከአየሩ ሲበልጥ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፤ ከ700 ዲግሪ አካባቢ አልፎ ዳገቱን ሙሉ ከቆየ ፒስተን ይቀልጣል፣ ቴስታታ ይሰነጠቃል። ያንን የሚነግርህ የጭስ ሙቀት መለኪያ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን አይታይም፣ ድምፅም የለውም፣ ስለዚህ ማንም አይገዛውም።

ሌላው የከፍታ ነገር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ተስተካክሎ «ልክ ነው» የተባለ ፖምፓ፣ ከደብረ ታቦር ወጥቶ በክምር ድንጋይ በኩል የጉናን ጥግ ሲይዝ ልክ አይሆንም። ናፍጣው ያው ነው፤ አየሩ ሳስቷል። እናንተ የጋይንት ልጆች ይህን በሌላ መንገድ ታውቁታላችሁ። ድጓ የትም ይማሩት የት፣ የሚመሰከረው እዚሁ ቤተ ልሔም ነው። የመኪናም ምስክሩ ጋራዥ አይደለም፤ ጭነት ይዞ የሚወጣው ዳገት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ናፍጣው። የነዳጁን ነገር እንደምታውቁት ነው። ማደያ ሲጠፋ ከጀሪካን ይቀዳል፤ ጀሪካኑ ውስጥ ውኃም አለ፣ አቧራም አለ፣ አንዳንዴም ላምባ። ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ቆሻሻ ከገባበት እርስ በርሱ ይበላላል። የኖዝሉ ቀዳዳ ከተበላ ናፍጣው እንደ ጉም መርጨቱን ትቶ ይንጠባጠባል። በዚህ ላይ ተርቦ መጨመር ለታመመ በሬ ሁለት ቀንበር መጫን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጻፍኩለት። አንደኛ ሳልቫትዮውን አውርደህ እጠብ፣ ፊልትሮ ቀይር፣ ውኃ መለያ ያለው ፊልትሮ ጨምር። ሁለተኛ ኖዝሎቹንና ፖምፓውን ማሽን ላይ አስፈትሽ። ሦስተኛ ራዲያተሩንና የቴስታታውን ጤንነት አሳይ። አራተኛ ተርቦውን ከነዘይት መስመሩ፣ ከነዲያፍራሙ፣ ከነሙቀት መለኪያው አስገጥም፤ ካልሆነ አታስገጥም። ከገጠምክም በኋላ ዳገት ወጥተህ እንደቆምክ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፤ ዘይቱ ተርቦውን እስኪያበርደው ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀው።

ልጁ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። «ቲቸር፣ ብሩ እኮ ለተርቦው ብቻ ነው የሚበቃው» አለ። እውነቱን ነው። እኔም ለብሩ መልስ አልነበረኝም። ግን እሱ መኪናውን ቢያቆማት የሚቀረው ገቢ ብቻ አይደለም። ሌሊት የሚደወልለት ሰው ወደ ቃሬዛ ነው የሚመለሰው። ዛሬ አቃስታም ቢሆን የምትወጣ መኪና፣ ነገ ቴስታታዋ ተሰንጥቆ ከምትቆም አትሻልም?

አሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጨርሷል። ከስድስቱ ኖዝል አራቱ ተበልተው ነበር። ተርቦ ሳይገጠም ጭሱ ቀንሷል፤ በአንደኛ ብቻ ይወጣት የነበረችውን ዳገት አሁን ባዶውን ሲሆን በሁለተኛ ይወጣታል። ጭነት ሲኖር ግን ያው ይከብዳታል፤ አየሩን ናፍጣ ማጥራት አይመልሰውም። ተርቦው የሚቀጥለውን እቁብ እየጠበቀ ነው።

ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ጋራዥ የምትሠሩ ልጆቼ፣ እዚህ ሞተር ላይ በእጃችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ ጻፉለት። በተለይ ዲያፍራም ያለው ፖምፓ ከየት እንደሚገኝና ደጋ ላይ ስንት ባር እንደተዋችሁት ንገሩት። ዳገት ሥር የተቀለበ ፈረስ ዳገት አይወጣም፤ ክረምቱ ሳይገባ ቢደርስለት ደስ ይለኛል።

መልካም ሰንበት።